በሁዳዴ ሥጋ የበላ ሰው የለም

በ2096 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ለመውለድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ስድስት ነገር ማሟላት አለበት። አምስቱ አያስቸግሩም፤ ፎቶግራፍ፣ የቤት ቁጥር፣ የጥርስ ምርመራ፣ የባል ስም (ባል ከሌለ የሌለበት ምክንያት)፣ እንዲሁም ግድግዳ ከሚጋራ ጎረቤት «የሕፃን ልቅሶ አይረብሸኝም» የሚል ፊርማ። ስድስተኛው ደም ነው። ስንቱን ያስለቀሰው ይሄ ስድስተኛው ነው።

ናርዶስ ይልማ በጥር ወር ለሦስተኛ ጊዜ አራተኛው መስኮት ፊት ቆመች። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት፤ ሥራዋ የአሳንሰሮችን አማርኛ ማረም ነው። ከተማው ውስጥ ያለ አሳንሰር ሁሉ ሽማግሌውን «አንቱ» ልጁን «አንተ» የሚለው በእሷ ድካም ነው። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው አቶ ልሳነወርቅ ግን አሳንሰር ስላልሆነ ያሻውን ይናገራል። የደም ውጤት የሚያነበውም ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ እንደ ሎተሪ ዕጣ ጮክ ብሎ ነው።

«ጂ፣ የለም። ኤም፣ የለም። ንጹሕ ነሽ እኅቴ፤ ስለዚህ አይፈቀድም። የሚቀጥለው!»

«እባክህ ጌታዬ፣ ሦስተኛዬ ነው። መስከረም ላይ አርባ ይሞላኛል።»

«አውቃለሁ፤ አርባ ከሞላ መስኮቱ ይዘጋል። እንግዲህ እስከ መስከረም ታመሚ» አላት። ቀጥሎ አንድ ነገር የረሳ መሰለውና ጣቱን ቀሰረ። «በሕጋዊ መንገድ ግን!»

ይህን ሕግ ያወጡት ክፉዎች አይደሉም፤ ክፉ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያስበውም። ነገሩ ከቶክሶፕላዝማ ይጀምራል። ቶክሶፕላዝማ ከጥሬ ሥጋና ከድመት ኩስ የሚመጣ ዓይን የማያየው ተህዋስ ነው። አንዲት ሴት ከማርገዟ በፊት ይዟት ከቆየ ደሟ ተላምዶታል፤ ልጇም አይነካም። እርጉዝ ሆና ገና አዲስ ከያዛት ግን የሕፃኑን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ደም ውስጥ ኤም የሚባለው ምልክት «በቅርብ ገብቷል» ይላል፤ ጂ የሚባለው ደግሞ «ገብቶ ከርሟል» ይላል። እና ደግ ሐኪሞች ተሰብስበው፣ ውኃ በላስቲክ እየጠጡ፣ የከረመ ጂ ያላት ትውለድ፣ የሌላት ትቆይ ብለው ጻፉ። ያኔ ከተማው ውስጥ ቁርጥና ክትፎ ያልቀመሰ ሰው በመብራት ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ሕጉ ማንንም አልነካም፤ ተጨበጨበለት።

ከዚያ ሌሎች ደጎች መጡ። የምግብ ንጽሕና ባለሥልጣን ተቋቋመና ጥሬ ሥጋ ከለከለ፤ ድመቶችን መዝግቦ በረንዳ ላይ አስቀመጠ፤ ሰላጣውን ሦስት ጊዜ በማሽን አሳጠበ። ደሙ ውስጥ ኤም የተገኘበት ሰው ጥሬ ሥጋ ስለመብላቱ ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልግ ይከሰሳል፤ ከተፈረደበትም የመውለጃ ፈቃድ ለሁለት ዓመት ይታገድበታል። ስለዚህ አንዱ መሥሪያ ቤት ካልታመምሽ አትወልጂም ይላል፤ ሌላው ከታመምሽ አስርሻለሁ ይላል። ሁለቱም አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው፤ ፈቃዱ ምድር ቤት፣ ንጽሕናው አምስተኛ ፎቅ። ተገናኝተው አያውቁም ይባላል። እኔ ግን ለሠራተኞች ቀን አብረው ኬክ ሲቆርሱ አይቻለሁ።

ሕዝቡም እንደ ሁልጊዜው ተላመደው። ሽማግሌ ሲላክ «የማን ልጅ ናት?» መባሉ ቀርቶ «ጂ አላት ወይ?» ሆነ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ ስለ ልጆች ጤና፣ ስለ መብራት፣ ቀጥሎም ስለ ጂ ይጠያየቃል። ከገጠር የመጣች፣ የከረመ ጂ ያላት ልጅ እግሯ አውቶቡስ ጣቢያ ከመድረሱ ጠያቂ ይሰለፍላታል። በየወሩም እያንዳንዱ ሰው በተመደበለት ታቦት ዕለት ደም ጣቢያ ሄዶ ጣቱን ይወጋል። «አንቺ የማን ነሽ?» ሲባል «የሚካኤል ነኝ» ማለት በአሥራ ሁለት ትወጋለች ማለት ነው። ናርዶስ የማርያም ናት።

ባሏ አብነት የቡታጅራ ልጅ ነው፤ የከተማ አውቶቡሶችን ሰዓት ያወጣል። የጥሬ ሥጋው ክልከላ ሲመጣ አሥራ አራት ዓመቱ ስለነበር ጂውን ከነክብሩ ይዞ ነው አዲስ አበባ የገባው። ናርዶስ ግን ውኃን ሁለት ጊዜ የምታፈላ እናት ስላሳደገቻት ደሟ እንደ ጠበል ጠራ። አብነት ሲቀልድባት «አንቺን ያገባሁት ለመልክሽ ነው፤ ለደምሽማ ማን ዞር ብሎ ያይሻል» ይላት ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ፈቃድ ከተነፈጋት በኋላ ግን መቀለዱን ተወ፤ ሚስቱ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ ሰምቷል።

ቀዳዳዋን ያገኛት እሱ ነው። የአውቶቡስ ሰዓት የሚያወጣ ሰው ክፍተት ማየት ይችልበታል።

ከዓመታት በፊት አንድ ቆጣቢ ኃላፊ ለደም ጣቢያዎች ሁሉ ደብዳቤ በትነው ነበር። «በዐቢይ ጾም ሥጋ የበላ ሰው ስለማይኖር የኤም ምርመራ ከዘወረደ ሰኞ ጀምሮ ይቋረጣል» ይላል። ከታች በትንንሽ ፊደል «የማይጾሙ ዜጎችን በሚመለከት ወደፊት መመሪያ ይወጣል» የሚል ተጨምሮበታል። መመሪያው እስከ ዛሬ በመውጣት ላይ ነው። በፋሲካ ደግሞ ግማሹ ከተማ፣ ተቆጣጣሪዎቹም ጭምር፣ መጋረጃ ጋርዶ ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ ማሽኖቹ እስከ ጰራቅሊጦስ «ለጥገና» ይዘጋሉ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራም።

«ከዘወረደ ሰኞ እስከ ጰራቅሊጦስ ከመቶ ቀን በላይ ነው» አላት አብነት፣ ጣቶቹን እያጠፈ። «ኤም በዚያ ውስጥ የሚወርድለት ብዙ ሰው አለ። ጂ ብቻ ይቀራል። ሰኔ ላይ መስኮቱ ጋ ንግሥት ሆነሽ ትቆሚያለሽ።»

«በቅበላ ብንበላውስ? ጾሙ ሳይገባ?»

«በቅበላ መንገዱ ሁሉ ተቆጣጣሪ ነው። ሰኞ ግን ማን ይጠብቃል? ሰኞ ሁሉም ሽሮውን ይዞ ቤቱ ነው።»

ናርዶስ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፋ አታውቅም። በዓለም ላይ ያለ ሌላ ነገር ሁሉ ሲለዋወጥ ይሄ አንዱ አልተለወጠባትም፤ ስለዚህ ሀሳቡ አስፈራት። የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ፣ ወደፊት የሚሠራ ኃጢአት አስቀድሞ ይናዘዙት እንደሆነ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ሳይቆስሉ ፋሻ የለም። ሄደሽ ሥሪውና ነይ» አሏት። ወዲያው የተናገሩት ገብቷቸው ደነገጡ። «አላልኩም! ይሄን አላልኩም!»

ክንዷ ውስጥ የተቀበረውን የእርግዝና መከላከያም በዚያው በቅበላ ሳምንት አስወጣች። ደንቡ ማመልከቻ ያስገባች ሴት መከላከያዋን እንድታስወጣ ይፈቅዳል፤ እንድታረግዝ ግን አይፈቅድም። ያወጣችላት ነርስ «በዚህ ዕድሜሽ ሰውነትሽ እስኪመለስ ስድስት ወር ይፈጃል፤ አትቸኩዪ» ብላታለች።

ሰኞ ዕለት ሹፌር የሌለው ታክሲ ይዘው ዱከም ወረዱ። ታክሲው መንገዱን ሙሉ መዝሙር ሲያሰማቸው ቆይቶ ሲወርዱ «መልካም ጾም ይሁንላችሁ» አላቸው። አማርኛው ያለ እንከን ነበር፤ የታክሲዎቹንም ናርዶስ ናት ያረመችው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ አራት በሬ በቀን የሚያወርዱ የታወቁ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ዛሬ ቤታቸው «የባህላዊ ሥጋ ቤት ማሳያ» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎበታል፤ የፕላስቲክ ጎድን ተሰቅሎ፣ ጎብኚ ስለት የሌለው ቢላ ይዞ ፎቶ ይነሳበታል። በጓሮ ያለችው ክፍል ግን ማሳያ አይደለችም። በሩን ዘግተው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን አወጡና «ሻኛ ነው ወይስ ሽንጥ?» ብለው ጠየቋት።

«በሽታ ያለበት የትኛው ነው?» አለች ናርዶስ።

ሽማግሌው ቢላቸውን አስቀመጡ። «ሃምሳ ዓመት ሥጋ ስሸጥ እንዲህ ብሎ የሰደበኝ ሰው የለም!»

አብነት እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የመውለጃውን ነገር፣ የመስከረሙን፣ የአርባ ዓመቱን አስረዳቸው። ሽማግሌው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ዋስ አልሆንሽም ልጄ። የእኔ ሥጋ ምናልባት ንጹሕ ከሆነ አትቀየሚኝ።»

እሳቸው ጾመኛ ስለሆኑ ቆርጠው ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሚጥሚጣውና አዋዜው ቀረበ። ናርዶስ ግን እጇን አልዘረጋችም። ያን ጊዜ አብነት አንዱን ቁራጭ አዋዜ አስነክቶ አጎረሳት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገማት፤ ለፍቅር ሦስተኛ ጨመረላት። አኘከች። በልጅነቷ የምታውቃቸው ቅዱሳን ሁሉ ከየሥዕላቸው ዘወር ብለው የሚያዩዋት መሰላት፤ አፈረች። ቢሆንም ዋጠች፤ ከሀፍረቷ የልጅ አምሮቷ ይበልጥ ነበር።

«ጣፈጠሽ?» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

«አልጣፈጠኝም።»

«ደግ። እንግዲያስ ኃጢአቱ ግማሽ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ትኩሳት ያዛት፤ አንገቷ ላይ ባቄላ የምታህል እጢ ወጣች። ሌላ አገር ሰው እንዲህ ሲሆን ይደነግጣል። አብነት በአውራ ጣቱ ዳሰሳትና እልል አለ። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ምን ደስታ አለ ብለው ቢያንኳኩ «አንገቷ አበጠ!» አላቸው። እሳቸውም ነገሩ ወዲያው ገባቸውና፣ የልጅ እናት ያድርግሽ ብለው መርቀው ተመለሱ። አብነት እጢዋን በየቀኑ በክር እየለካ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ የቀሩትን ቀናት ይቆጥር ጀመር።

ከምኩራብ በኋላ ናርዶስ ወር አበባዋ መቅረቱን አስተዋለች። ዕድሜ ነው አለች፤ ጾም ነው አለች፤ ትኩሳቱ ነው አለች። በመጨረሻ መታጠቢያ ቤት ገብታ መመርመሪያዋን ያዘች፤ ሁለት መስመር አሰመረ። ነርሷ ስድስት ወር ያለችው ስድስት ቀን አልፈጀም። ቀኑን ወደ ኋላ ብትቆጥረው ቅበላ ላይ አረፈ። ዱከም በሄደችበት ሰኞ ማኅፀኗ ባዶ አልነበረም ማለት ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሕግ፣ ያ ሁሉ መስኮትና ሰልፍ የቆመው አንድ ነገር እንዳይሆን ነበር፤ እርጉዝ ሴት አዲስ ተህዋስ እንዳይይዛት። ናርዶስ ሕጉን አሟላለሁ ብላ ያንኑ አንድ ነገር አደረገችው።

አብነት ሰማ። ከዚያ ቀኝ እጁን አየ። «በገዛ እጄ» አለ፣ «በገዛ እጄ አጎረስኩሽ»፤ ተቀምጦም እንደ ልጅ አለቀሰ። ናርዶስ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም፤ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከመስኮቶቹ አጠገብ፣ እዚያው ምድር ቤት ወዳለው ደም ጣቢያ ሄደች።

የጣቢያው ነርስ ሲስተር ሐያት ሰባት ዓመት ሙሉ የናርዶስን ጣት የወጋች ሴት ናት፤ ከመላመድ ብዛት በየትኛው ጣቷ እንደምትሳሳ ታውቃለች። ነገሩን ጆሮዋ ላይ ስትነግራት አልገሠጸቻትም።

«ክኒን አለው» አለች። «ቶሎ ከተጀመረ ወደ ልጁ እንዳያልፍ ሊያደርግ ይችላል። እርግጡን አላህ ያውቃል፤ ግን ዛሬ ከነገ ይሻላል።»

«ታዲያ ስጪኛ!»

ሲስተር ሐያት በመስታወት ወደተዘጋው ቁም ሣጥን ጠቆመች። ክኒኖቹ ይታያሉ። «ይሄ የሚከፈተው የኤም ውጤት ቁጥር ሲገባበት ነው። ኤም የሚያየው ማሽን ደግሞ ያውልሽ።» የማሽኑ መስታወት ላይ በሐረግ የተከበበ ጽሑፍ በርቷል፦ በዐቢይ ጾም ሥጋ የበላ ሰው የለም። መልካም ጾም።

«አንቺስ? አንቺ እኮ አትጾሚም!»

«ትናንት የበግ ወጥ በልቼ ነው የመጣሁት። ይሄ ማሽን ግን እኔንም የለሽም ነው የሚለኝ። የሚከፈተው ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚደርሰው ይደርሳል።»

ናርዶስ በማግስቱ አራተኛው መስኮት ጋ ቀረበች። አቶ ልሳነወርቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምስ ፊቱ ገርጥቷል።

«ጌታዬ፣ በጾም ጥሬ ሥጋ በላሁ።»

«አልበላሽም።»

«በላሁ እኮ ነው የምልህ! ዘወረደ ሰኞ!»

«እኅቴ፣ ቁጡ አትሁኚ። በዐቢይ ጾም ሥጋ የበላ ሰው የለም። ደብዳቤው እዚህ አለ፤ ማኅተም አለው። የአንቺ ቃል ማኅተም አለው?»

«እርጉዝ ነኝ። ክኒኑን ካልወሰድኩ ልጄ ዕውር ሆኖ ሊወለድ ይችላል።»

 አቶ ልሳነወርቅም ለአፍታ ያህል ዕቃውን የረሳ ሰው መሰለ። እሱም የልጅ አባት ነው። ግን ወዲያው የሚለውን አገኘ። «ፈቃድ ሳይኖርሽ ልታረግዢ አትችዪም። ስለዚህ እሱም አልሆነም። አይዞሽ፣ ምንም የሆነ ነገር የለም።»

አምስተኛ ፎቅ ወጥታ ራሷን ከሰሰች። የንጽሕና ባለሥልጣኑ መርማሪ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣት፤ ውኃ አስቀዳላት። ማስረጃ ጠየቃት፤ ደሜ አለችው። ደም በጾም አይታይም አላት። ምስክር አለኝ፣ ባሌ አለችው። ባል ለሚስቱ አይመሰክርም አላት። ሥጋውን የሸጠላትን ቢጠይቃት ግን ስም አልጠራችም፤ ሽማግሌውን አሳልፋ አትሰጥም።

«አየሽ» አለ መርማሪው በርኅራኄ፣ «ጾም ሲጠና እንዲህ ያለ ነገር ይታሰባል። ሰው የሚያምረውን የበላ ይመስለዋል። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር በጾም ማሽን አናስከፍትም፤ ደግሞ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው በታሪካችን የለም። ግቢና ትንሽ ተኚ።»

ናርዶስ በአሳንሰሩ ስትወርድ «እጅ ከፍንጅ» የሚለውን ቃል በልቧ ይዛ ነበር። አሳንሰሩ «ደህና ይሁኑ፣ እመቤቴ» አላት።

ያን ዕለት አብነት ዱከም ደርሶ ጥሬ ሥጋ ይዞ ተመለሰ። ሲስተር ሐያት አንድ ነገር አስጠንቅቃቸዋለች፤ ሌላ ጥሬ ሥጋ በሆዷ ላለው ልጅ ሁለተኛ አደጋ እንዳይሆን በረዶ ቤት ሦስት ሙሉ ቀን፣ ድንጋይ እስኪሆን መቆየት አለበት፤ በዚያ ብርድ ተህዋሱ ይሞታል። ችግሩ ፍሪጃቸው ነበር። የጾም ሥርዓት የተጫነበት ስለሆነ ሥጋ ሲገባበት ይጮኻል። አብነት «ዓሣ» ብሎ አስመዘገበው። ፍሪጁ ጥቂት አሰበና «ዓሣ በዐቢይ ጾም መበላቱ አከራካሪ ነው፤ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ» ብሎ በሩን ዘጋ። አልጮኸም ግን።

ዓርብ ጠዋት፣ በሦስት ሰዓት፣ ምድር ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ናርዶስ ተራዋን ጠበቀች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ከፌስታል ውስጥ ሳህን አወጣች፤ ሥጋውን አስቀመጠች፤ አብነት ሚጥሚጣውን ፈታ።  የመውለድ ፈቃዱ በዚህች ደቂቃ ለዘላለሙ እንደሚቀር ታውቃለች፤ ያለ ፈቃድ የተወለደ ልጅም እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ መታወቂያው ላይ «ጊዜያዊ» ተብሎ ይጻፋል። ጊዜያዊም ቢሆን የሚያይ ልጅ ይሻለኛል ብላ ወሰነች። ቆረጠች፤ ጎረሰች።

ሰልፉ ላይ «ኧረ በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዲት አሮጊት በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። የጥበቃው ሰው እጁን አንሥቶ አየር ላይ አቆመው፤ በመመሪያው ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አላገኘም። አቶ ልሳነወርቅ ግን ልምድ ያለው ሰው ስለሆነ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጣት። ያላየው ነገር አልሆነም።

ናርዶስ ሁለተኛውን ቆረጠች። እናቷ እንዳሳደገቻት፣ ሰው ባለበት ዝም ብሎ መብላት ነውር ነው። ወደ ቀኝ «እንብላ» አለች። ወደ ግራ «እንብላ» አለች። ቀጥሎ መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች።

«አቶ ልሳነወርቅ፣ እንብላ።»

ሰውየው አንገቱን ቀበረ። 

«አቶ ልሳነወርቅ፣ እንብላ እያልኩ ነው!»

አቶ ልሳነወርቅ ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ መስኮት ውስጥ ብዙ ነገር ሰምቶ አልሰማሁም ብሏል፤ የእርጉዝ ልቅሶ ሰምቶ አልሰማሁም ብሏል። «እንብላ» ሲሉት ግን ዝም ማለት ማንም አላስተማረውም። የእናቱ ቤት አስተዳደግ ከመሥሪያ ቤቱ ሕግ ቀደመ። ከጀርባው «ይስማማሽ» የሚል ቃል አመለጠው።

የጥበቃው ሰው እጁን ከአየር ላይ አወረደ። «ጌታዬ» አለ በትሕትና፣ «ለማን ነው ይስማማሽ ያሉት?»

አቶ ልሳነወርቅ ቀስ ብሎ ዞረ። ናርዶስን አየ፤ ሳህኑን አየ። የሚበላ ሰው ከሌለ ይስማማሽ አይባልም። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና ደወሉን ተጫነ።

የደም ጣቢያው ማሽን በሁዳዴ ሲከፈት ያ የመጀመሪያው ነው። መርማሪው ከአምስተኛ ፎቅ ወርዶ ቁልፉን አዞረ። ሲስተር ሐያት የናርዶስን ጣት ወጋች። ጠበቁ። ሐረጉና «መልካም ጾም» የሚለው ጽሑፍ ጠፉ።

«ኤም፣ አለ» አለች ሲስተር ሐያት። «ጂ፣ አለ፤ ገና ለጋ ነው።» በዚያች ከተማ ኤም ሲነበብ ሰው ይወድቃል፣ ይምላል፣ ማሽኑ ተሳስቷል ይላል። ናርዶስ «ተመስገን» አለች። የቁም ሣጥኑ መስታወት ተከፈተ። የመጀመሪያውን ክኒን ጥበቃው ክንዷን እንደያዘ ዋጠችው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያልወጣ እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

ውሳኔው አንድ ሰዓት ሳይሞላ በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ መጣ። ከላይ የንጽሕና ባለሥልጣኑ «ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ዓመት መውለድ የተከለከለ ነው» ይላል። ከታች የጤና ክፍሉ «መድኃኒቱን እስክትወልጂ ድረስ ሳታቋርጪ በቀን ሦስት ጊዜ ውሰጂ» ይላል። ሁለቱም ላይ ያረፈው ማኅተም አንድ ነው።

«የቱን ነው የምናከብረው?» አለ አብነት።

«የታችኛውን» አለች ናርዶስ። ክኒኑ መድረስ ካለበት ጊዜ ዘግይቶ ይሁን አይሁን ማንም ሊነግራት አልቻለም፤ ሲስተር ሐያትም አልዋሸቻትም። ፈራች። የሚደረገውን ግን አድርጋለች።

ጥበቃው ውሳኔውን እንድትፈርም ወደ አምስተኛ ፎቅ ሊያወጣት በሰልፉ መካከል ይዟት ሄደ። ሰዎች መንገድ ለቀቁ፤ አንዳንዱ ልብሱን ሰበሰበ። አሳንሰሩ ሊደርሱ ሲሉ ሆዷን በሰፊ ቀሚስ የሸፈነች ወጣት ሴት፣ ወደ መሬት እያየች፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ተናገረች።

«እኅቴ፣ ከሥጋው ተርፏል?»

ናርዶስ ጥበቃውን አየችው። ጥበቃው ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ስንት ናችሁ?» አለች።

ሴትየዋ ቀና ብላ ወደ ኋላዋ ቆጠረች።

«እዚህ ሰልፍ ላይ ብቻ? አሥራ አንድ።»